አክቲቬትድ ካርቦን ለጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ፦ ዱቄቱ፣ ጠጠሩና የቡና ገለፈቱ ሲመዘኑ

የአክቲቬትድ ካርቦን (ቀለምን ወደ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስቦ የሚይዝ ከሰል) ሻጭ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የአዮዲን ቁጥር የሚባለውን፣ ማለትም አንድ ግራም ካርቦን ስንት ሚሊ ግራም አዮዲን እንደሚይዝ የሚያሳየውን ነው። አንዱ “950” ይላል፣ ሌላው “1,050”፤ ገዢውም ትልቁን አይቶ ይከፍላል። ዕቃው ከመጠጥ ውሃ ላይ ክሎሪን ለማስወገድ ከሆነ በዚህ መንገድ መግዛት ብዙም አያከስርም። ለማቅለሚያ ፍሳሽ ግን ያከስራል። አዮዲን ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ከ2 ናኖ ሜትር በታች በሆነ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል። ለጥጥ ከሚውሉት ማቅለሚያዎች አንዱ የሆነው ሪአክቲቭ ብላክ 5 የሞለኪውል ክብደቱ 992 ገደማ ነው፤ በዚያ ጠባብ በር አያልፍም። የአዮዲን ቁጥሩ 1,050 የሆነ የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን፣ ቁጥሩ 850 በሆነ የእንጨት ካርቦን በማቅለሚያ ላይ ሊበለጥ የሚችለውም ለዚህ ነው። የኮኮናቱ ቀዳዳ ብዙ ቢሆንም ጠባብ ነው፤ የእንጨቱ ሰፋ ይላል።

እዚህ የምንመዝነው ሦስት ዓይነት ነው፦ በ25 ኪሎ ከረጢት የሚሸጠውን ዱቄት፣ በተመሳሳይ ከረጢት የሚመጣውን ጠጠር፣ እንዲሁም ከቡና ገለፈትና ከጫት ገራባ አገር ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበትና ከግቢ እንዳያስወጣው ታስቦ ነው የተሠራው። ያን የሚያህል ማጣሪያ መትከል የማይችል ማቅለሚያ ቤት ግን ብዙ ነው፤ ግምገማው ለእሱ ነው።

ፍሳሹን ማወቅ

ጥጥ በሪአክቲቭ ማቅለሚያ ሲቀለም በሊትር ከ30 እስከ 100 ግራም ጨው ይገባል፤ በሶዳ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው) ወደ 11 ይደርሳል። ከማቅለሚያው ከ10 እስከ 50 በመቶው ክሩን ሳይዝ ከውሃው ጋር ይወጣል። አንዴ ከውሃ ጋር የተዋሐደ ማቅለሚያ ተመልሶ ክር አይይዝም። በባክቴሪያ በሚሠራ ኩሬም ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ያልፋል፤ ፍሳሹ ሌላ ሌላው ሁሉ ቢጠራም ቀለሙን ይዞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሪአክቲቭ፣ የዳይሬክትና የአሲድ ማቅለሚያዎች በውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ አላቸው። የካርቦኑ ገጽ ቻርጅ ደግሞ እንደ ውሃው ፒኤች ይለዋወጣል፤ ከአንድ የተወሰነ ነጥብ በታች ፖዘቲቭ፣ በላይ ኔጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ፒኤቹ 11 በሆነ ፍሳሽ ውስጥ ካርቦን መጨመር ሁለት ተገፋፊዎችን ማገናኘት ነው። ፍሳሹን በሰልፈሪክ አሲድ ከ4 እስከ 6 ማውረድ ውጤቱን በግልጽ ይለውጠዋል። በሶዳው ምክንያት አሲዱ መጀመሪያ አረፋ ያስነሳል፤ ቀስ እያሉ፣ እያማሰሉ መጨመር ነው። ጨው ካለ ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነቱ ማቅለሚያ መጥፎ አይደለም፤ መገፋፋቱን ስለሚያለዝብ አብዛኛውን ጊዜ ይረዳል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ማቅለሚያ ቤቱ የሰልፈር ጥቁር የሚጠቀም ከሆነ በፍሳሹ ውስጥ ሰልፋይድ አለ፤ አሲድ ሲገባበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ማሽተትን ያደነዝዛል፣ ከዚያ ይገድላል። ይህ ፍሳሽ ከሌላው ተለይቶ ሰልፋይዱ በኦክሲጅን ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እስካልጠፋ ድረስ አሲድ አይነካውም።

ለፖሊስተር የሚውሉት ዲስፐርስ ማቅለሚያዎችና ኢንዲጎ የመሰሉት በውሃ የማይሟሙ በመሆናቸው ካርቦን አያስፈልጋቸውም። በአሉሚኒየም ሰልፌት ረግተው ይዘቅጣሉ፤ በርካሹ የሚወጣውን በውዱ ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው።

ሲገዙ

ከሻጩ የሚጠየቀው የሜቲሊን ብሉ ቁጥርና የሞላሰስ ቁጥር ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ የሞለኪውል ክብደቱ 320 ስለሆነ ከአዮዲን ይልቅ ለማቅለሚያ ይቀርባል፤ ከ150 ሚሊ ግራም በግራም በታች የሆነ ዱቄት ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሞላሰስ ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ይለካል። ሻጩ ሁለቱንም የማያውቅ ከሆነ ዕቃውን የሚያውቀው በዋጋው ብቻ ነው ማለት ነው።

እርጥበቱም ይታይ። ካርቦን የሚሸጠው በክብደት ነው፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ እርጥበት ይስባል። 15 በመቶ እርጥበት ያለው የ25 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ያለው ካርቦን 21 ኪሎ ከሩብ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። 10 ግራም ተመዝኖ በ110 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 3 ሰዓት ቆይቶ እንደገና ሲመዘን ይታወቃል።

ተራ የምድጃ ከሰል ተፈጭቶ “አክቲቬትድ” ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ በዓይን አይለይም። በሊትር 100 ሚሊ ግራም ሜቲሊን ብሉ ካለበት ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.1 ግራም ዱቄት ጨምሮ አንድ ሰዓት መናጥ ይለየዋል። ደህናው ውሃውን ያነጣዋል ወይም ወደዚያ ይጠጋል፤ የምድጃው ከሰል ግን ሰማያዊውን እንዳለ ይተወዋል።

በትዕዛዝ ወረቀት ላይ የሚከሰት ሌላ ስሕተትም አለ፤ ለማመን ቢከብድም ያጋጥማል። “ፓክ” የሚለው አጭር ስም ዱቄት አክቲቬትድ ካርቦንም፣ ፖሊ አሉሚኒየም ክሎራይድም ይባልበታል። አንደኛው ጥቁር ዱቄት፣ ሁለተኛው ቢጫ የማርጊያ ኬሚካል ነው። ትዕዛዙ ላይ ሙሉ ስም መጻፍ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚሠራው ሙከራ

ከሦስትና ከአራት ሻጭ 100 ግራም ናሙና ተቀብሎ በራስ ፍሳሽ ላይ መሞከር የሚተካው የለም። ስድስት ዕቃ ይዘጋጅ፤ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ፍሳሽ፣ ፒኤቹ በሥራ ላይ ወደሚሆነው የተስተካከለ። አንዱ ያለ ካርቦን ይቆይ። በሌሎቹ 0.025፣ 0.05፣ 0.1፣ 0.2 እና 0.4 ግራም ካርቦን ይግባ፤ በሊትር ከሩብ ግራም እስከ 4 ግራም ማለት ነው። በደቂቃ 150 ዙር ለአንድ ሰዓት ተንጦ፣ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ፣ ከላይ ያለው ውሃ ይለካ።

ሴንትሪፉጅ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የማጣሪያ ወረቀት ራሱ ማቅለሚያ ይይዛል፤ በተለይ ሜቲሊን ብሉን። በወረቀት ያለፈ ውሃ ካርቦኑ ያልሠራውን ሥራ ለካርቦኑ ያስቆጥርለታል። ወረቀት ግድ ከሆነ ያለ ካርቦን የቆየውም ናሙና በዚያው ወረቀት ይለፍ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎችም ይደፉ። በተቃራኒው ደግሞ ደቃቅ የካርቦን ብናኝ ካመለጠ ብርሃን ይጋርድና ቀለም ያለ ያስመስላል።

ፍሳሹ የብዙ ማቅለሚያ ድብልቅ ስለሚሆን በአንድ የብርሃን ሞገድ ብቻ መለካት ያሳስታል። በ436፣ በ525 እና በ620 ናኖ ሜትር መለካት ቢጫውን፣ ቀዩንና ሰማያዊውን ለየብቻ ያሳያል። አንዱ ካርቦን ሰማያዊውን ጥርግ አድርጎ ቢጫውን ሊተወው ይችላል።

አሁን ስሌቱ። መነሻው በሊትር 100 ሚሊ ግራም፣ ቀሪው 10፣ የገባው ካርቦን 0.1 ግራም ከሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የተያዘው 9 ሚሊ ግራም ነው፤ ለግራም 90። በቀን 100 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማቅለሚያ ቤት በዚህ ሒሳብ በቀን 100 ኪሎ፣ 4 ከረጢት ይፈልጋል። 26 የሥራ ቀን ባለው ወር 104 ከረጢት ነው። ብዙ ሰው ካርቦን የሚተወው እዚህ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ነው፤ አያስፈርድበትም።

ነገር ግን ካርቦን የሚይዘው መጠን የሚወሰነው መጨረሻ ላይ በውሃው ውስጥ በቀረው ቀለም እንጂ በመነሻው አይደለም። መጀመሪያ በአሉሚኒየም ሰልፌት ወይም በሌላ ማርጊያ ከ100 ወደ 40 ቢወርድ፣ ካርቦኑ ከ40 ወደ 10 ያወርዳል፤ ቀሪው ያው 10 ስለሆነ በግራም የሚይዘውም ወደ 90 ይጠጋል፤ ፍጆታው 33 ኪሎ ይሆናል። በጥናት ወረቀቶችና በሻጭ ብሮሹር ላይ የሚታየው “ከፍተኛ የመያዝ አቅም 300” የሚል ቁጥርም በዚሁ ዓይን ይታይ። ያ ቁጥር የሚገኘው ውሃው ውስጥ ብዙ ቀለም ሲቀር ነው። ቀሪው 10 እንዲሆን የሚፈልግ ሰው 300ውን አያገኘውም።

ዱቄቱ

ከሦስቱ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ከአምስት ነጥብ አራቱን ሰጥተነዋል። ፈጣን ነው፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል። ታንክና ማማሰያ ላለው ቤት አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም። ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ በሚቀለምበት ቀን መጨመር፣ ፈዛዛ ቀለም ባለበት ቀን መቀነስ ይቻላል፤ ጠጠሩ ይህን አይፈቅድም።

የቀነስንበት አንድ ነጥብ ከውሃው በመለየቱ ነው። አብዛኛው ቅንጣት ከ0.075 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ታንክ ውስጥ ለሰዓታት ቢቆይም አይዘቅጥም። ስለዚህ ካርቦኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ፒኤቹ ወደ 6.5 ወይም 7 ተመልሶ ማርጊያ ይጨመራል፤ በሊትር ከ50 እስከ 200 ሚሊ ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ቀጥሎም ቅንጣቶቹን አያይዞ የሚያተልቅ ፖሊመር 1 ሚሊ ግራም ገደማ። ማርጊያው ከካርቦኑ ጋር አብሮ ከገባ ቅንጣቶቹን ይሸፍናቸዋል፤ ካርቦኑም ሳይሠራ ይዘቅጣል። በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው፤ ተወቃሹ ግን ሁልጊዜ ካርቦኑ ነው።

ፍጆታውን የሚቀንስ ዘዴም አለ። ሁለት ታንክ ካለ፣ አዲሱ ዱቄት ሁለተኛው ታንክ ውስጥ ቀለሙ የሳሳውን ውሃ ያጥራ፤ እዚያ ያገለገለው ዱቄት ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ወፍራሙን ፍሳሽ ይያዝ። ለሳሳው ውሃ የደከመ ካርቦን ለወፍራሙ ገና አቅም አለው።

ዝቃጩም ይቆጠር። በቀን 100 ኪሎ ደረቅ ካርቦን፣ ከማጣሪያ መጭመቂያው 60 በመቶ ውሃ ይዞ ሲወጣ 250 ኪሎ ነው፤ የማርጊያው ዝቃጭ ሳይጨመር።

ጠጠሩ

ጠጠሩ በመርህ ደረጃ የተሻለ ነው፤ ዝቃጭ የለውም፣ በቋሚነት ይሠራል፣ ሲደክም ተመልሶ ሊታደስ ይችላል። እዚህ አገር ግን የመጨረሻው ጥቅም ብዙም አይጨበጥም፤ ማደስ ከ800 እስከ 900 ዲግሪ የሚደርስ ልዩ ምድጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ነጥብ። ለወፍራም ፍሳሽ ከሆነ ሁለት።

መጠኑ እንዲህ ይወጣል። በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ውሃ፣ በካርቦኑ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ከተፈለገ 2.5 ሜትር ኩብ ካርቦን ያስፈልጋል፤ አንዱ ሜትር ኩብ 480 ኪሎ ቢመዝን 1,200 ኪሎ ወይም 48 ከረጢት ነው። ታንኩ ስፋቱ 1 ሜትር ካሬ፣ ማለትም ዲያሜትሩ 1.13 ሜትር፣ የካርቦኑ ከፍታ 2.5 ሜትር ይሆናል። ከካርቦኑ በላይ የከፍታው ግማሽ ያህል ባዶ ቦታ ይተው። ከታች ወደ ላይ ሲታጠብ ካርቦኑ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያብጣል፤ ቦታ ካጣ በቱቦው ወጥቶ ይሄዳል።

ፓምፑ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከ0.4 እስከ 1.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ለማንሳት በሰዓት ከ20 እስከ 25 ሜትር ፍጥነት ያስፈልጋል፤ በዚህ ታንክ ከ20 እስከ 25 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት ነው። ለማጣራት የተገዛው የ5 ሜትር ኩብ ፓምፕ ይህን አይችልም። ታጥቦ የማያውቅ ታንክ ደግሞ በክርና በብናኝ ተደፍኖ ውሃው በአንድ ጎን ቀዳዳ አበጅቶ ይወርዳል፤ አብዛኛው ካርቦን ቀለም ሳይነካው ውጤቱ ይበላሻል። ከታንኩ በፊት የክር ብናኝ የሚይዝ ወንፊት የግድ ነው፤ ስታርች ወይም ሌላ የክር ማጠንከሪያ ያለበትም ውሃ ወደ ካርቦን መግባት የለበትም።

አዲስ ካርቦን ከተሞላ በኋላ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ በየቀዳዳው ያለው አየር ካልወጣ ውሃ አይገባበትም። ከዚያ ጥቁሩ ውሃ እስኪጠራ ድረስ ከታች ወደ ላይ ይታጠብ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ከአመዱ ነው፣ ያልፋል። ሁለት ታንክ በተከታታይ ማሰር ይመከራል፦ ከመጀመሪያው የሚወጣው ወደ እሱ ከሚገባው ጋር ሲመሳሰል ካርቦኑ ይቀየርና ታንኩ ሁለተኛ ይሆናል፤ ሁለተኛ የነበረው በሳራቺኔስካ ተቀይሮ ፊት ይወጣል።

እርጥብ ካርቦን ያለበት ዝግ ታንክ ውስጥ ሰው አይግባ። እርጥብ ካርቦን ከአየሩ ኦክሲጅን ይወስዳል። ሽታ የለም፣ ምልክት የለም። የገባው ሰው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል። ክዳኑ ተከፍቶ በነፋሻ አየር ሳይገባ፣ ኦክሲጅኑ በመሣሪያ ሳይለካ፣ ውጭ ገመድ የያዘ ሰው ሳይቆም የሚገባ መኖር የለበትም።

የቡና ገለፈትና የጫት ገራባ

ጥሬውን ገለፈት አድርቆ ፈጭቶ ፍሳሽ ውስጥ መጨመር ለማቅለሚያ ቤት አይበጅም። አንድ ነጥብ ብቻ። በላብራቶሪ የሚያምር ውጤት የሚያሳየው ሙከራው በሜቲሊን ብሉ ስለሚሠራ ነው። ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ነው፤ የገለፈቱ ገጽ ኔጌቲቭ ነው፤ ተፈላልገው ይጣበቃሉ። የጥጡ ማቅለሚያ ግን ኔጌቲቭ ስለሆነ ይገፋዋል። በዚያ ላይ ገለፈቱ የራሱን ቡናማ ውሃ ይለቃል። በሰማያዊው ሞገድ ብቻ የለካ ሰው 90 በመቶ ጠራ ይላል፤ ውሃው ግን ሻይ መስሏል፣ ለማብላላት የሚፈልገው ኦክሲጅንም ጨምሯል። የሰጋቱራውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በፎስፈሪክ አሲድ የተሠራው ሌላ ነገር ነው፤ በአግባቡ ከተሠራ ከውጭ ከሚመጣው ዱቄት ጋር ይወዳደራል። የደረቀው ገለፈት ወይም የተከተከተ የገራባ ግንድ ታጥቦና ተፈጭቶ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን። ለ1 ኪሎ፣ ንጹሕ አሲዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚሆን፣ ወደ 40 ወይም 50 በመቶ የቀጠነ ፎስፈሪክ አሲድ ይጨመርና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። በ110 ዲግሪ ይድረቅ፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ በ450 እስከ 500 ዲግሪ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጋገር። አየር ከገባ የሚገኘው አመድ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ፒኤቹ 6 እስኪደርስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

የሚያስቸግረው ይኸው እጥበት ነው። በደንብ ያልታጠበ ካርቦን ፎስፌት ወደ ውሃው ይለቃል፤ ይህም እምቦጭ እንደ ያዘው ጣና ላለ ሐይቅ ቀለሙን ቀንሶ ማዳበሪያ መላክ ነው። የመጀመሪያው እጥበት ውሃ አሲዱ ወፍራም ስለሆነ ተጠራቅሞ ለቀጣዩ ዙር ሊውል ይገባል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ወጪውን አይችለውም፤ ከገለፈቱ ይልቅ ውዱ አሲዱ ነውና። ምድጃውንም አሲዱ ይበላዋል። ለእነዚህ ሁሉ መፍትሔ ላበጀ አምራች ሦስት ነጥብ ተኩል እንሰጣለን።

ቤንቶናይት ስለሚባለው ሸክላ በአጭሩ፦ ለፖዘቲቭ ማቅለሚያ ጎበዝ፣ ለጥጡ ማቅለሚያ ደካማ ነው፤ ታንክ ውስጥ ከተሞላ ደግሞ አብጦ ውሃውን ይዘጋል።

ለበርሜል ቀላሚዎች

ድርና ማግ በ200 ሊትር በርሜል የሚቀልም ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ውሃው ይቀዝቅዝ፤ በአሲድ ፒኤቹ 5 ይደረግ፤ 400 ግራም ዱቄት ካርቦን በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ይጨመር፤ ለአንድ ሰዓት ይማሰል። ደረቁን ዱቄት በቀጥታ የበተነ ሰው ግማሹን ፊቱ ላይ ያገኘዋል፤ ጭምብል ይደረግ። ከዚያ በኖራ ፒኤቹ 7 ሆኖ 20 ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል፤ ሲማሰልም አንዴ ፈጠን፣ ከዚያ ለ15 ደቂቃ ዝግ ይበል። ያደረ ውሃ በማግስቱ ከላይ ይቀዳል። ጨው ግን እዚያው ነው፤ ካርቦን ጨው አይነካም፤ ስለዚህ ውሃው ጓሮ አትክልት አይጠጣም።

ያገለገለው ካርቦን ማቅለሚያውን አላጠፋውም፣ ይዞት ነው ያለው። ሜዳ ላይ ተጥሎ ሶዳ ያለበት ውሃ ካገኘው መልሶ ይለቀዋል። ክሮሚየም ወይም መዳብ ያለባቸው ማቅለሚያዎች ያሉበት ካርቦን በምድጃ ከሰልነት አይነድም፤ ብረቱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ደርቆ በከረጢት ታስሮ፣ ቀኑና የማቅለሚያው ስም ተጽፎበት፣ ጣሪያ ባለውና ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ቦታ ይቀመጥ፤ የሚረከበው አደገኛ ቆሻሻ የመያዝ ፈቃድ ያለው ይሁን።